በሎሬታ ስም የወጣው ሸክላ

አንድ ወንድ በስልክ «ይቺ ሙዚቃ ያንቺ ናት» አለኝ። ሸክላው ታትሞ ሲመጣ ላዩ ላይ የተጻፈው «ሎሬታ» ነው። የኔ ስም ቨርሊን ነው። ይሄን ነገር በሆዴ ይዤ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ አንድ ቀንም ቀሎኝ አያውቅም ነበር።

ትምህርት የለኝም። እናቴ ገና በልጅነቴ ነው ለሥራ ያወጣችኝ። ስም ማንበብ ግን እችላለሁ። ያን ቀን ሸክላውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በጣቴ ፊደል በፊደል ሄድኩበት። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ሄድኩበት። ከዚያ ለኦዴሳ ሰጠኋት። ኦዴሳ አብራኝ የምትሠራ ናት፤ ምላሷ አያርፍም እንጂ ልቧ ንጹሕ ነው። አነበበችና ዝም አለች። ኦዴሳ ዝም ስትል ነው ያመንኩት።

ነገሩ የጀመረው ልብስ እጥበት ቤት ውስጥ ነው። እኔ የምሠራው መተኮሻው ላይ ነው። የኛ መተኮሻ የእጅ ካውያ እንዳይመስላችሁ፤ ጠረጴዛ የሚያህል ማሽን ነው። ሸሚዙን ታነጥፊበታለሽ፣ ፔዳሉን ትረግጫለሽ፣ ክዳኑ ይወርዳል፣ እንፋሎቱ ሽሽሽ ይላል፣ ትንሽ ትጠብቂያለሽ፣ ታነሺዋለሽ። የኔ ማሽን ግን ፔዳሉ ብልሹ ነበር። አንዴ ቢረገጥ አይዝም። መጀመሪያ ቀስ ብለሽ ትነኪዋለሽ፣ ከዚያ በኃይል ትደግሚዋለሽ፣ ያኔ ነው የሚወርደው። ባለቤቱን አስጠግነው ስንለው «እየሠራ አይደለም እንዴ?» ይለናል።

አልሲድ ሮቢሾ የመጣው የቤታቸውን ልብስ ሊወስድ ነበር። ሮቢሾዎች በኒው ኦርሊንስ የታወቁ የቀብር አስፈጻሚዎች ናቸው። ጥቁር ቢሆኑም መልካቸው ቀላ ያለ፣ እቤታቸው ፈረንሳይኛ ጣል የሚያደርጉ፣ ከሰባተኛው ሠፈር ሌላ ሠፈር ያለ የማይመስላቸው ናቸው። እኛ የላይኛው ሠፈር ጥቁሮች ስንሞት በክብር ይቀብሩናል፤ በሕይወት እያለን ግን በፊት በራቸው አንገባም።

ወንድ ሴትን ሲያይ ከፊቷ ይጀምራል። አልሲድ ከእግሬ ጀመረ። ልብሱ ተጠቅልሎ ቀርቦለት፣ እሱ የኋላውን በር ተደግፎ እግሬን ያያል፤ ጣቶቹ ጭኑን ይመታሉ። ተናደድኩ። ምን እንደጠፋበት ጠየቅኩት።

«ለምንድነው ሁለቴ የምትረግጭው?» አለኝ።

«የመጀመሪያው ልመና ነው፤ ሁለተኛው ትእዛዝ።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። አልሳቀም። እንዲያው አንድ ሲፈልገው የነበረ ነገር እንዳገኘ ሰው አየኝ፤ እኔም ሸሚዙን ክዳኑ ሥር ረስቼ አሳረርኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ልብስ ኖረም አልኖረም ይመጣ ጀመር። የጠርሙስ ሣጥን ገልብጦ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሁለት እንጨት ያወጣና ጉልበቱን እየመታ ከማሽኔ ጋር ይጫወታል። አባቱ ሬሣ ማሰናዳት እንዲማር ይፈልጋል፤ እሱ ድራም መቺ ነው። ሰኞ በኛ አገር ቀይ ቦሎቄ በሩዝ የሚበላበት ቀን ስለሆነ ከምሳዬ አካፍለዋለሁ። ኦዴሳ ከማዶ «ሮቢሾ፣ እቤታችሁ ማንኪያ የለም እንዴ?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ማንኪያ አለ፤ ጨው ነው የሌለው» ይላታል። ስትስቅ እንፋሎቱን ትበልጠዋለች።

አንድ እሑድ ምሳ ጠራኝ። ሁለቴ የተኮስኩትን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩና የፊት በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱት እናቱ ማዳም ሮቢሾ ናቸው። ፊቴን አላዩም። እንፋሎት የጠበሰውን ክንዴን አዩና «ልብስ ከሆነ በጎን በኩል ነው» አሉኝ። አልጮሁም፣ አልሰደቡኝም። በሩን እንኳ ቀስ ብለው ነው የዘጉት። አልሲድ ውስጥ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ድምፁ ይሰማኛል። በጎን በኩል አልሄድኩም። እቤቴ ሄድኩ፤ ቀሚሱንም አውልቄ በደንብ አጠፍኩት።

በማግሥቱ ነገርኩት። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ እንጨቶቹን ግን አላወጣም። ከዚያ ወር ሳይሞላ ኒው ዮርክ ሄደ። ጣቢያ ስሸኘው፣ እዚያ ስም አውጥቼ እመለስና በፊት በር ይዤሽ እገባለሁ አለኝ። እኔ ስም አልጠየቅኩትም፤ በሩንም አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት እንዳይቆይ ነበር። ግን እሱን ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም።

እዚያ የሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ዘፋኝ ወይም ባለ ትልቅ ስም ሙዚቀኛ ሸክላ ሲያሳትም ድራም መቺ ይጠራል፤ አልሲድ ሄዶ ይመታል፣ ድራሙን ሸክፎ ወደ ሌላው ስቱዲዮ ይሮጣል። ሽፋኑ ላይ ስሙ የለም። በየቡና ቤቱ የምንጨፍርበት ሙዚቃ ውስጥ እጁ አለበት፤ ማንም አያውቅም።

እሑድ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ የሚስተር ሴለስታን ሱቅ ሄጄ ስልኩን እጠብቃለሁ። ስልክ የነበረው እዚያ ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሽንኩርት የሚመርጥ መስሎ ይቆማል። በዓለም ላይ እንደዚያ ተገላብጦ የታየ ሽንኩርት የለም።

አንድ እሑድ ድምፁ ተለውጦ ደወለ። የራሱን ሸክላ ሊያሳትሙለት ነው። ዘፋኝ የለውም፤ ሙዚቃ ብቻ ነው። ላዩ የቤተክርስቲያን የሚመስል ኦርጋን ነው፣ ሥሩ ደግሞ የኛ መንገድ ላይ የሚያስጨፍር ምት። ጃዝ ተጫዋቾቹ ይሄ ፈንክ ነው ይሉታል፣ ፈንክ ወዳዶቹ ይሄ ጃዝ ነው ይሉታል፤ እሱ መሃል ቆሞ ሁለቱንም እጃቸውን ይዞ ለማጨባበጥ እየታገለ እንደሆነ ነገረኝ። ደስታው በስልኩ ውስጥ ይሞቃል።

«የሸክላው ጀርባ ላይ የመጀመሪያዋ ሙዚቃ ያንቺ ናት» አለኝ። «ስትሰሚያት ይገባሻል።»

«ምን ብለህባት ነው?»

«ቃል የላትም አልኩሽ እኮ። ደግሞ በስልክ አልነግርሽም፤ ሚስተር ሴለስታን ይሰማሉ።»

«እኔ አልሰማሁም» አሉ ሚስተር ሴለስታን ከሚዛኑ ኋላ።

ያን ዕለት እቤቴ የሄድኩት በእግሬ አይመስለኝም። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ፣ የማልወደውንም ጭምር፣ ሰላም እያልኩ ነው የሄድኩት።

ከዚያ ሸክላው መጣ። ጀርባውን ገለበጥኩት። ሎሬታ።

አልሰማሁትም። ለምን እሰማዋለሁ? የሌላ ሴት ደብዳቤ ተከፍቶ ቢሰጠኝ አነበው ነበር? ከክረምት ብርድ ልብሱ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። በሚቀጥለው እሑድ ሲደውል ሚስተር ሴለስታን ልጅ ላኩብኝ፤ ሥራ ላይ ናት በሉት አልኩ። እሑድ ምን ሥራ አለኝ? እሱም ያውቃል። ደግሞ ደወለ፤ እንደዚያው አስባልኩ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ፤ ሱቁም ሽንኩርቱን በሰላም መሸጥ ጀመረ።

ሙዚቃውን ግን ሠፈሩ ወደደው። ሌላ ቦታ ብዙም አልተሸጠ ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ጥጉ ላይ ያለው ቡና ቤት ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያጫውተው ማሽን ውስጥ አስገባው። ሰዎቹ ሳልፍ «ቨርሊን፣ ሎሬታ ሰላም ብላሻለች» ይሉኛል። እኔ ያን መንገድ ተውኩት። ዞሬ፣ ሁለት ሠፈር ረዝሞብኝ፣ በሌላ በኩል መሄድ ጀመርኩ። የልብስ እጥበት ቤቱ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በሱ ሲጨፍሩ ያመሻሉ፤ ለምን እንደዚያ እንደሚወዱት እነሱም አያውቁትም። እኔ ፊት ግን ስሙን አያነሱም።

አግብቼም ነበር። ሌስተር ይባላል፣ ወደብ ላይ የሚሠራ ደግ ሰው። ቤታችን ሙዚቃ አልነበረበትም፣ ጠብም አልነበረበትም። የሳንባ በሽታ ወሰደው፤ የቀበሩትም ሮቢሾዎች ናቸው። አሁንም አልቅሼለት አልጠገብኩም። ሌስተር አንድ ቀን እንኳ ስለ ሣጥኑ ሳይጠይቀኝ ሞተ፤ ስለዚያ ነገር ሁልጊዜ አመሰግነዋለሁ።

ባለፈው የጸደይ ወር ሚስተር ሴለስታን ሞቱ። የዕድር አባል ስለነበሩ ሬሣቸውን ባንድ እየተጫወተ ሊሸኘው ይገባል። ኦዴሳ ከቀብሩ በፊት መጥታ ማሽኔ አጠገብ ቆመች፤ አፏ ሊፈነዳ ነው። አልሲድ ተመልሷል፤ አባቱ ሲሞት የቀብር ሥራውን ሊይዝ ነው የመጣው።

«ጸጉሩ ሸብቷል» አለችኝ። «አንዲትም ሎሬታ አብራው የለችም። አጣርቻለሁ።»

«ማን ጠየቀሽ?» አልኳት።

«ፔዳሉን ሦስቴ ረገጥሽው» አለችና ሄደች።

ወደ መቃብር ስንሄድ ከባንዱ ኋላ ከሚከተለው ሕዝብ ጋር ነበርኩ። የባንዱን ትንሹን ከበሮ የሚመታው ሰው እጁን አሞት ነበርና አልሲድ ጥቁር ሱፉን እንደለበሰ ከበሮውን አንግቷል። በወጋችን ሬሣው እስኪሸኝ ድረስ ከበሮው ሥር ባሉት ጅማቶች ውስጥ መሐረብ ይሸጎጣል፤ ድምፁ ይታፈናል፣ እግር እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። ጀርባውን እያየሁ ሄድኩ። ትከሻው ያው ነው። ትንሽ ወረድ ብሏል እንጂ ያው ነው። ጀርባ ብቻ እያዩ መራመድ ከባድ ነገር አይደለም፤ ብዙ ዓመት ለምጄዋለሁ።

ሚስተር ሴለስታንን መቃብር ካስገባን በኋላ ባንዱ ወደ መንገድ ወጣ። አልሲድ መሐረቡን ከከበሮው ሥር መዘዘና ኪሱ ከተተው። ሐዘኑ ያበቃል ማለት ነው፤ አሁን ለሟች ይጨፈርለታል። ሰዎቹ «ሎሬታን! ሎሬታን!» አሉ። ልሄድ ዞርኩ። ኦዴሳ ክንዴን ያዘችኝ።

መታ።

መጀመሪያ ቀስ ያለች አንዲት ምት፣ ከዚያ የበረታች። ከዚያ ዱላውን ቆዳው ላይ ሲጎትተው ሽሽሽ። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና።

እግሬ ከኔ ቀድሞ ሰማ። ቀኝ እግሬ ብቻውን ተነሣና አስፋልቱን ቀስ አድርጎ ነካው፣ ከዚያ ረገጠው። ቀስ፣ ረገጥ። ስንት ዓመት የረገጥኩትን ፔዳል መንገድ መሃል፣ ማሽን ሳይኖር ረገጥኩት። ኦዴሳ እግሬን አየች፣ እኔን አየች፣ ከበሮውን አየች።

«ይሄ እኮ ያንቺ ማሽን ነው» አለች። «ለካ ለዚህ ነው ስሰማው ወገቤን የሚያመኝ።»

ያን ጊዜ አልሲድ ዞረ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ፊቴን አልፈለገም። እግሬን ነው ያየው፤ እየረገጠ ነበር። ምቱ አንዴ ተሰናከለበት፣ ብዙ ሰው አላወቀበትም። እኔ ግን አወቅኩ። ዓይኔን እንፋሎት የገባበት ይመስል አንዳች ነገር አቃጠለኝ።

ከዚያ በቀጥታ እቤት ሄጄ ሣጥኑን ከፈትኩ። ኦዴሳ ሸክላ ማጫወቻዋን ተሸክማ መጣችና፣ ሳልነግራት፣ በረንዳው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ጀርባውን አዞርኩና መርፌውን አስቀመጥኩት።

ስለ ሙዚቃ ማውራት አልችልበትም። የምነግራችሁ የሰማሁትን ነው። የማሽኔን ልመና ሰማሁ፣ ትእዛዙን ሰማሁ፣ እንፋሎቱን ሰማሁ። ኦርጋኑ ይገባል፤ ልክ ፀሐይ በኋላው በር ስትገባ እንደነበረው። አንድ ቦታ ላይ ግን ሁሉም ይተዋሉ። ኦርጋኑም ጊታሩም ዝም ይላሉ፤ ለቅጽበት ምንም የለም። ያ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ጊዜ መልሼ አጫወትኩት። ክዳኑን አንሥቼ፣ ሌላ ሸሚዝ ከማንጠፌ በፊት፣ በክርኔ ግንባሬን የምጠርግባት ቅጽበት ናት። እሷንም አልረሳትም። ለእሷም ቦታ ሰጥቷታል፤ ማንም እንዳይነካት አድርጎ።

እናቴ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ከለቅሶው ሥር ደግሞ ንዴቱ እዚያው አለ። ታዲያ ሎሬታ ማናት?

በማግሥቱ፣ እሑድ ከቅዳሴያቸው መልስ፣ ሰባተኛው ሠፈር ሄድኩ። ሸክላውን በጨርቅ ጠቅልዬ በክንዴ ይዣለሁ። የጎኑን በር አየሁትና አለፍኩት፤ የፊቱን አንኳኳሁ። ማዳም ሮቢሾ ራሳቸው ከፈቱ። አርጅተዋል፤ በከዘራ ነው የቆሙት፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የጨርቁን ጥቅል አዩ።

«ልብስ ከሆነ በጎን በኩል ነው» አሉ።

ክፋት አልነበረበትም። አፋቸው ለምዶት ነው። ለዚህ ነው ይበልጥ ያሳዘነኝ።

«ልብስ አይደለም ማዳም። ልጅዎ የኔን ነገር በሰው ስም አውጥቶብኛል፤ ልጠይቀው ነው የመጣሁት።»

ፊታቸውን አስጠግተው አዩኝ። ምን እንዳዩ አላውቅም። ከዘራቸውን ወደ ጎን ሳብ አደረጉ፤ ገባሁ።

አልሲድ ከምሳ ጠረጴዛው ተነሥቶ ቆመ። ናፕኪኑ ከጭኑ ወደቀ፣ አላነሣውም። ሰላም አላልኩትም። ሸክላውን ከጨርቁ አውጥቼ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩና ጣቴን ስሟ ላይ አደረግኩ።

«ሎሬታ ማናት?»

ሸክላውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ «ፈረስ ናት» አለኝ።

ጣቴን ከስሟ ላይ አላነሣሁም።

ቃል የሌለው ሙዚቃ ስሙን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። ተጫውተው ሲያበቁ የኩባንያው ባለቤት ይቺን ምን እንበላት ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ የተገኘ ሰው ያወጣላታል። አልሲድ ደግሞ አልተገኘም። ሌላ ስቱዲዮ ይጠብቀዋል፤ ድራሙን ሸክፎ ታክሲ ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ያን ሳምንት ሎሬታ በምትባል የእሽቅድድም ፈረስ ተወራርዶ ነበርና የፈረሷን ስም ሰጣት። አልሲድም ያወቀው ታትሞ ሲያይ ነው።

«ልነግርሽ ደወልኩ» አለኝ። «ሥራ ላይ ናት አሉኝ።»

«እሑድ?»

«እሑድ። ገባኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ ያው ነው። ከዚያ…» እጆቹን አየ። «ከዚያ እናቴ ያደረገችብሽን አሰብኩና፣ አትፈልገኝም፣ ልክም ናት አልኩ። መምጣት ነበረብኝ። የመጀመሪያውን ብቻ ረገጥኩት ቨርሊን። ልመናውን። ሁለተኛውን ሳልረግጠው ቀረሁ።»

ያን ያህል ዓመት በሆዴ የያዝኩት ነገር ሲወጣ በእንባ ይወጣል ብዬ ነበር የማስበው። በሳቅ ወጣ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፤ ወንበር ይዤ ሳቅኩ።

«በፈረስ ነው የቀናሁት?» አልኩ። «ይሄን ሁሉ ዘመን መንገድ የቀየርኩት ለፈረስ ነው?»

ማዳም ሮቢሾ ከኋላችን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ለመሆኑ ፈረሷ አሸነፈች?» አሉ።

«አዎ እማማ» አለ አልሲድ። ዓይኑ ግን ከኔ አልተነቀለም፤ እንባው ጉንጩ ላይ ቆሟል፣ አልጠረገውም። «ለኒው ዮርክ ሰዎች ሁሉ ሺህ ጊዜ መታሁላቸው። ያንቺን ሙዚቃ ግን እግርሽ ከሌለበት ቦታ በመታኋት ቁጥር ግማሽ ነበረች። ትናንት መንገድ ላይ ነው ሙሉ የሆነችው።»

እስክሪብቶ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። ከኪሱ አወጣና ሸክላውን ወደ ራሱ ሊስብ እጁን ዘረጋ፤ ሊጽፍልኝ ነው።

«አንተ አትጽፍም» አልኩት። «ለአንተ ዕድሉ አንዴ ተሰጥቶህ ነበር።»

ቁጭ ብዬ ሎሬታን በአንድ መስመር ሰረዝኳት። ከጎኗ ስሜን ጻፍኩ። ፊደሎቼ ይንጋደዳሉ፤ የመጨረሻዋ ቦታ አጥሯት ወደ ላይ ወጣች። ማንም አልቸኮለም። ማዳም ሮቢሾም ሳይቀሩ ጠበቁኝ።

ከዚያ ተነሥቼ ሸክላውን እንግዳ መቀበያቸው ውስጥ ባለው ማጫወቻ ላይ አደረግኩት። ያ የእንጨት ወለል እኔ ረግጬው አላውቅም ነበር። ምቱ ሲጀምር የማዳም ከዘራ ወለሉን ቀስ አድርጎ ነካ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጎ። እሳቸው ያወቁት አይመስለኝም። ሁሉም ዝም የሚሉበት ቦታ ሲደርስ አልሲድ ክርኑን አንሥቶ ግንባሩን ጠረገ፤ ልክ እንደኔ። እኔም ያኔ አየሁት፤ ከፊቱ ጀምሬ አየሁት።

ሙዚቃው እንዳለቀ ጨርቄን አጠፍኩ። ሸክላውን እዚያው ተውኩላቸው። በሩ ላይ ስደርስ ዞርኩ።

«ሰኞ ና» አልኩት። «ቦሎቄ እሠራለሁ። የኔ ቤት ያለው አንድ በር ብቻ ነው፤ በሱ ትገባለህ።»

ልመና አልነበረም።